ሌፓርድ ጌኮ ወይስ ክሬስትድ ጌኮ? ትንሿን ጌኮ በጤና ለማሳደግ ምን ከምን ይሻላል

አሜሪካም ሁኑ አውሮፓ ልጆቻችሁ "ጌኮ ግዙልን" ብለው የያዟችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ፣ ጌኮ ማለት ትንሽ የእንሽላሊት ዓይነት ናት፣ እኔንም በየጊዜው ሰው ስለሚጠይቀኝ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እኛ ቤት ሁለቱም ዓይነት አሉ፣ በጣም ነው የምወዳቸው። ውጭ ማንሸራሸር የለ፣ ጩኸት የለ፣ ፀጉር የለ፣ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው በጣም የሚመች እንስሳ ነው። ግን ገና ትንሽ ሆና የምትመጣ ጌኮ ካደገችው ጋር አንድ አይደለችም፣ አጥንቷ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ያኔ የጎደለባት ነገር ኋላ ቢሟላም ቶሎ አይስተካከልም፣ የተጣመመ እግር ተመልሶ አይቃናም። ስለዚህ ከታች የማነጻጽረውን ሁሉ ለትንሿ በሚሆነው በኩል ነው የማየው።

ከሁሉ በፊት ስለ ገንዘቡ ልናገር። ብዙ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛው ሰው ሠራሽ ዛፍ፣ የድልድይ ጌጥ፣ ባለቀለም አሸዋ ምናምን ነው፣ ከዛ ቴርሞስታት ጋ ሲደርስ "ይሄ ደሞ ምን ያደርጋል" ብሎ ይተወዋል። እባካችሁ ገልብጡት። መጀመሪያ ቴርሞስታት (ማሞቂያው ከልክ በላይ እንዳይሞቅ የሚቆጣጠረው ዕቃ ነው)፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ካልሲየም እና ግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ግዙ፣ የተረፈው ለጌጡ ይሁን፣ ካልተረፈ ደግሞ የሽንት ቤት ወረቀት ካርቶኑ ቱቦ ራሱ ጥሩ መደበቂያ ነው፣ እሷ ልዩነቱን አታውቅም።

ሁለቱ ምንና ምን ናቸው

ሌፓርድ ጌኮ መነሻዋ ደረቅና ድንጋያማ አገር ነው፣ ፓኪስታን፣ አፍጋኒስታን፣ ሰሜን ምዕራብ ሕንድ አካባቢ። መሬት ላይ ነው የምትሄደው፣ መስታወት መውጣት አትችልም፣ የዓይን ቆብ አላት፣ ስብ የምታጠራቅመው ጅራቷ ላይ ስለሆነ ጅራቷን አይታችሁ ጤናዋን ማወቅ ትችላላችሁ። ስትፈለፈል 3 ግራም አካባቢ ናት፣ ስታድግ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ትደርሳለች።

ክሬስትድ ጌኮ ደግሞ ከአውስትራሊያ ምሥራቅ ካለችው ከኒው ካሌዶኒያ ደሴት ነች። ጠፍታለች ተብሎ ሲታመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው እንደገና የተገኘችው፣ ዛሬ በየቤቱ ያሉት ሰው ያራባቸው ናቸው። ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው፣ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች፣ ትዘላለች፣ የዓይን ቆብ ስለሌላት ዓይኗን በምላሷ ነው የምታጸዳው። ስትፈለፈል 2 ግራም እንኳ ብዙውን ጊዜ አትሞላም፣ በጣም ስስ ናት።

ሁለቱም በደንብ ከተያዙ 15 ዓመትና ከዛ በላይ ይኖራሉ፣ 20 የሚደርሱም አሉ። ማለትም ዛሬ የ8 ዓመት ልጃችሁ የገዛቻት ጌኮ ልጅቷ ኮሌጅ ስትሄድ እናንተ ጋ ነው የምትቀረው፣ ይሄን አስባችሁ ግቡ።

ጅራትን በተመለከተ ልዩነት አለ። ሁለቱም ሲደነግጡ ጅራታቸውን ይጥላሉ፣ የሌፓርዷ መልሶ ይበቅላል (ቅርፁ ደደር ብሎ ነው የሚመጣው)፣ የክሬስትዷ ግን አንዴ ከወደቀ ወደቀ፣ አይበቅልም። ጤናዋን አይጎዳትም፣ ልጆች ግን ያለቅሳሉ። በጅራት የሚይዝ፣ የሚያባርር ትንሽ ልጅ ካለ ሌፓርድ ይሻላል፣ እሷም ብትሆን በእጅ ተከባ ነው የምትያዘው እንጂ በጅራቷ አይደለም። ለማንኛውም ገና ቤት እንደገባች ሁለት ሳምንት ያህል አትንኳት፣ ትብላ፣ ትልመድ።

ምርጫውን የሚወስነው ቤታችሁ ነው

ሰው "የቷ ታምራለች" ብሎ ይመርጣል፣ እኔ ግን ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ቤታችሁ በበጋ ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ሕይወት ያለው ነፍሳት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ?

ክሬስትድ ጌኮ የምትፈልገው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው (በፋራናይት ከ72 እስከ 78 አካባቢ)፣ ማለትም ሰው የሚመቸው ሙቀት። ብዙ ቤት ተጨማሪ ማሞቂያ ላያስፈልግ ይችላል። ግን ከ28 በላይ ከቆየባት ትጨነቃለች፣ ከዛም በላይ ከሄደ ትሞታለች፣ ትንሿ ደግሞ ሰውነቷ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ነው የምትደርቀው። ስለዚህ ላስ ቬጋስ ወይም ፊኒክስ ያላችሁ፣ ወይ ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ ሥራ ስትሄዱ ኤሲ የምታጠፉ ከሆነ ክሬስትድን ተዉአት። ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ያላችሁ ደግሞ በክረምት ቤቱ ከ20 በታች እንዳይወርድ ብቻ ነው የምትጠብቁት።

ሌፓርዷ ተቃራኒ ነች። አንዱ ጎን ሞቃት ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት፣ የሞቃቱ መደበቂያ ውስጥ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ (ከ88 እስከ 92 ፋራናይት)፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ24 እስከ 26። የበላችውን የምትፈጨው በዛ ሙቀት ነው፣ ሙቀት ከሌለ ሆዷ ውስጥ ያለው አይፈጭም፣ መብላት ታቆማለች፣ ትቀጥናለች፣ ሰው ደሞ "ምግቡን ጠላችው" ብሎ ምግብ ይቀያይራል እንጂ ሙቀቱን አይለካም። መብላት ያቆመች ትንሽ ሌፓርድ ካለቻችሁ መጀመሪያ የምታዩት ቴርሞሜትሩን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ምግብ ነው፣ እዚህ ላይ እናቶች ናቸው የሚወስኑት። ሌፓርድ ጌኮ የምትበላው ነፍሳት ብቻ ነው፣ አትክልት አትበላም፣ ፍራፍሬ አትበላም፣ ሌላ አማራጭ የላትም። ትንሽ ሆና ደግሞ በየቀኑ ነው የምትበላው፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁሌም ሳጥን ሙሉ ክሪኬት (ፌንጣ የሚመስለው ነፍሳት) ወይም ትል አለ ማለት ነው። ይሄን የማይቀበል ሰው ቤት ካለ ክሬስትድ ግዙ፣ ለሷ ተብሎ የተሠራ ዱቄት አለ፣ ፓንጂያ እና ረፓሺ የሚባሉት በጣም ይታወቃሉ፣ በውሃ በጥብጣችሁ እንደ አጥሚት አድርጋችሁ በትንሽ ክዳን ማታ ታስቀምጡላታላችሁ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትቀይራላችሁ፣ በቃ። ካልሲየሙም ቫይታሚኑም ውስጡ አለ። በሳምንት አንድ ሁለቴ ነፍሳት ብትጨምሩላት ፈጥና ታድጋለች፣ ግን ግዴታ አይደለም። ለሕፃናት የሚሸጠውን የተፈጨ ፍራፍሬ እየሰጡ የሚያሳድጉ አሉ፣ ያ ስኳር ብቻ ነው፣ አጥንት አይሠራም፣ አታድርጉት።

የኔ ፍርድ ባጭሩ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ልጁ ከ8 ዓመት በላይ ከሆነና ነፍሳት የማያስጠላችሁ ከሆነ ሌፓርድ። ረጋ ያለች ናት፣ ስትታመምም ጅራቷ ቶሎ ይናገራል። ነፍሳት የማትችሉ ከሆነና ቤታችሁ የማይሞቅ ከሆነ ክሬስትድ። ክሬስትድ ትንሿ ግን በጣም ትዘላለች፣ ለመያዝ ትዕግሥት ትፈልጋለች።

ክሪኬት፣ ዱቢያ፣ ሚልወርም

ሌፓርድ ከመረጣችሁ ይሄ ጥያቄ የግድ ይመጣል። በመጠኑ ልጀምር፦ የምትሰጧት ነፍሳት በሁለት ዓይኖቿ መሀል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ይሄን ሕግ ጻፉና ታንኩ (የምትኖርበት የመስታወት ሣጥን) ላይ ለጥፉት፣ ምክንያቱም ልጆች ትልቁን መስጠት ይወዳሉ።

ክሪኬት ርካሽ ነው፣ ሱቅ ሁሉ አለ፣ ስለሚንቀሳቀስ ትንሿ ታድነዋለች፣ ደስ ይላታል። ግን ይሸታል፣ ማታ ይጮኻል፣ ያመልጣል፣ ከዛ በላይ ደሞ ሳይበላ ታንክ ውስጥ ካደረ የተኛችውን ትንሽ ጌኮ ይነክሳል፣ ጣቷን፣ ዓይኗ አካባቢ። ስለዚህ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልበላችውን ልቀሙና አውጡ።

ዱቢያ በረሮ ነው፣ አዎ በረሮ፣ ግን ኩሽና ውስጥ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፣ ለስላሳ መስታወት ወይም ፕላስቲክ አይወጣም፣ አይጮኽም፣ ብዙ አይሸትም፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አእምሯችሁ ከተቀበለው ከሦስቱ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ችግሩ አንዳንዱ ይደበቅና አይንቀሳቀስም፣ ትንሿ ደሞ የማይንቀሳቀስ ነገር አታይም፣ ስለዚህ ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉት።

ሚልወርም የሚሉት ትል በጣም ቀላሉ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣል፣ በሳህን ይቀርባል። ለብቻው ግን አይበቃም፣ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ሙቀቱ ጥሩ ካልሆነ ለመፍጨት ያስቸግራታል። ከሌላ ጋር አቀያይሩት። ዋክስወርም የሚባለው ነጭ ትል ደግሞ ስብ ነው፣ አንዴ ከለመደችው ሌላ እምቢ ትላለች፣ ለትንሽ ጌኮ ምንም አያስፈልግም፣ በሽታ ላይ ሆና ክብደት ካነሰባትና ሐኪም ካዘዘ ብቻ።

ከግቢ የተያዘ ነፍሳት አትስጡ፣ የፀረ ተባይ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በተለይ ማታ ማታ የሚያበራውን፣ ፋየርፍላይ የሚሉትን፣ አንዷ ራሱ እንሽላሊት ትገድላለች፣ የፋየርፍላይዋ ሰውነት ውስጥ ልብን የሚመርዝ ነገር ስላለ ነው። የአሜሪካ ምሥራቁ በኩል ያላችሁ ልጆቻችሁ በሰኔና በሐምሌ በጠርሙስ ሲሰበስቡ ታያላችሁ፣ አስጠንቅቋቸው።

ነፍሳቱ ራሳቸው መብላት አለባቸው። ባዶ ሆዱን ያለ ክሪኬት ባዶ ምግብ ነው። ከ24 ሰዓት በፊት ካሮት፣ ጎመን፣ አጃ ምናምን ስጧቸው፣ ያ ሁሉ ወደ ጌኮዋ ይሄዳል።

ካልሲየም፣ ዲ3 ወይስ ዩቪቢ መብራት

እዚህ ላይ ነው የምለምናችሁ። ትንሽ ጌኮዎችን የሚያሽመደምድ በሽታ የአጥንት መለስለስ ነው፣ ምክንያቱ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 ማነስ። ነፍሳት ሁሉ ማለት ይቻላል ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ ይበልጣል፣ ትንሿ የምትፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ካልሲየሙ እጥፍ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ያለ ካልሲየም ዱቄት የምትሰጧት ክሪኬት ሆዷን ይሞላል እንጂ አጥንቷን ይበላል። ምልክቱ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጣመማል፣ ስትሄድ ሆዷ መሬት ይጎተታል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጥ ካያችሁ ዛሬ ነው ሐኪም ጋ የምትሄዱት፣ ነገ አይደለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዲ3 ያለበት ካልሲየም ዱቄት፣ ሁለተኛው ዩቪቢ (ፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ ጨረር ነው) የሚሰጥ መብራት አድርጎ ቆዳዋ ራሱ ዲ3 እንዲሠራ ማድረግ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ልክ መጠበቅ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ዲ3 ሲበዛ ከሰውነቷ አይወጣም፣ ይጎዳታል። ሁለተኛው ወጪ አለው፣ ግን ሰውነቷ ራሱ የሚፈልገውን ያህል ይሠራና ያቆማል፣ ስለዚህ እኔ አቅም ላለው መብራቱን ነው የምመክረው። ለሌፓርድ ደካማው ይበቃል፣ 5 ወይም 6 በመቶ የሚባለው ረጅሙ ቱቦ፣ ጥላና መደበቂያ ካላት። አልቢኖ ከሆነች ዓይኗ ብርሃን አይችልም፣ ለሷ ይበልጥ ደከም ያለ ይሁን፣ መደበቂያዋም ይብዛ። መብራቱ ማብራቱን ቢቀጥልም ዩቪቢው ስለሚደክም በዓመት አንዴ ቀይሩት።

መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ዩቪቢ አይሰጥም፣ መስታወቱ ያስቀረዋል፣ ሙቀቱን ግን ያስገባል፣ ታንኩ ምድጃ ይሆንና በአንድ ከሰዓት ልትሞት ትችላለች።

ለትንሽ ሌፓርድ መብራት ከሌለ፦ ብዙውን ቀን ዲ3 የሌለው ካልሲየም፣ በሳምንት ሁለቴ ገደማ ዲ3 ያለው፣ አንዴ መልቲቫይታሚን። መብራት ካለ ዲ3 የሌለውን ዋና አድርጋችሁ መልቲቫይታሚኑን በሳምንት አንዴ። ነፍሳቱን በፌስታል ከዱቄቱ ጋር ነቅነቅ አድርጋችሁ ወዲያው ስጡ፣ ከቆየ ይራገፋል። ጎን ላይ ትንሽ ክዳን ውስጥ ዲ3 የሌለውን አስቀምጡላት፣ ስትፈልግ ትልሳለች። ዲ3 ያለውን ግን ክፍት አታስቀምጡ።

ምን ላይ ትተኛ፣ በምን ትሙቅ

አሸዋ ወይስ ፔፐር ታወል? ለትንሿ ፔፐር ታወል፣ ክርክር የለውም። አሸዋ ስታድን ትውጣለች፣ አንጀቷ ውስጥ ይደርቅና ይዘጋል፣ "ካልሲየም ሳንድ" ብለው የሚሸጡት ደግሞ ይባስ ነው፣ ካልሲየም መስሏት ሆን ብላ ትልሳለች። ፔፐር ታወል ላይ ሰገራዋን ታያላችሁ፣ የበላችውን ያልበላችውን ታውቃላችሁ፣ ቆሸሸ ይጣላል። ካደገች በኋላ የአፈርና አሸዋ ድብልቅ የሚያደርጉ አሉ፣ ጤነኛና ሙቀቷ የተስተካከለ ከሆነ ችግር የለውም፣ በመጀመሪያው ዓመት ግን ለምን ትቸኩላላችሁ።

ማሞቂያ ላይ፣ ከታንኩ ሥር የሚለጠፈው ሂት ማት እና ከላይ የሚሰቀለው ሃሎጅን አምፖል ናቸው አማራጮቹ። ሂት ማት ርካሽ ነው፣ ግን አየሩን አያሞቅም፣ ያለ ቴርሞስታት ደግሞ ሆዷን ያቃጥላል፣ ጌኮ ሲቃጠል ቶሎ አይሰማትም፣ ዝም ብላ ትተኛበታለች። ሃሎጅን ከላይ ሲመጣ የፀሐይ ሙቀት ይመስላል፣ ድንጋዩን ያሞቃል፣ ማታ ይጠፋል፣ ለጤናዋ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም ግን ቴርሞስታት ላይ፣ ለሃሎጅን ደግሞ ዲመር (ኃይሉን ቀስ እያደረገ የሚቀንስና የሚጨምር) ያለው ዓይነት። በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ድንጋይ፣ ሆት ሮክ የሚሉትን፣ ነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ማታ ማታ ቀይ አምፖል ማብራትም አያስፈልግም፣ ታያለች፣ እንቅልፏንና ሰዓቷን ያዛባል።

ለክሬስትድ ማሞቂያው ሳይሆን ውሃው ነው ጉዳዩ። ማታ ታንኩን በደንብ ትረጫላችሁ፣ እርጥበቱ እስከ 80 በመቶ ይወጣል፣ ቀን ላይ ወደ 50 ይወርዳል። ሁሌ እርጥብ ከሆነ ሻጋታና የሳንባ ችግር ይመጣል፣ ሁሌ ደረቅ ከሆነ ቆዳዋ አይላጥም። ጠዋት ደረቅ፣ ማታ እርጥብ፣ እንደዛ ያዙት።

ሌፓርዷም ደረቅ አገር ናት ብላችሁ እርጥበት አትከልክሏት፣ በእርጥብ ሞስ (ሱቅ የሚሸጥ ለስላሳ ሽበት መሰል ተክል) የተሞላ አንድ የተዘጋ መደበቂያ ያስፈልጋታል፣ እዛ ውስጥ ነው ቆዳዋን የምትቀይረው። ትንሿ ቶሎ ቶሎ ነው የምትቀይረው፣ እንደጨረሰች ጣቶቿን አንድ በአንድ እዩ፣ ጣት ላይ የቀረ ቆዳ እየጠበበ ደም ያቆማል፣ ጣቱ ይወድቃል። ከቀረ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥልቀቱ እግሯን ብቻ የሚነካ፣ 10 ደቂቃ፣ ከዛ በእርጥብ የጥጥ እንጨት በቀስታ። አትጎትቱ።

ትልቅ ታንክ ወይስ ትንሽ

ትንሿን ገና ከጅምሩ ባለ 40 ጋሎን ውስጥ ብትጥሏት ሙቀቱን፣ ምግቡን ለማግኘት ትቸገራለች ይላሉ፣ እውነቱ ግን ትልቁ ቦታ አይደለም የሚጎዳት፣ ባዶ መሆኑ ነው። መደበቂያ ሞልታችሁ ካደረጋችሁ ይሆናል። እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባለ 10 ጋሎን ታንክ ነው የምመርጠው፣ መብላት አለመብላቷን ለማየት ስለሚቀል፣ ከዛ ወደ 40 ማሳደግ። ለክሬስትድ ቁመት ያለው፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ኋላ 45 በ45 በ60 ሴንቲሜትር።

"ብቻዋን ትከፋለች" ብላችሁ ሁለት አታስገቡ። ሁለት ትንንሽ ጌኮ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዷ ሙቀቱንም ምግቡንም ትይዛለች፣ ሌላዋ እየቀጨጨች ትሄዳለች፣ አንዳንዴ ጅራቷንም ትነክሳታለች። ተቃቅፈው ተኝተው ስታዩ ፍቅር አይደለም፣ ለአንዱ ቦታ እየተሻሙ ነው።

ከሱቅ ወይስ ከሚያራባ ሰው

የሚያራባ ሰው ይሻላል። የተፈለፈለችበትን ቀን፣ ምን እንደምትበላ፣ ወላጆቿን ይነግራችኋል። ሱቅ ውስጥ ብዙ አንድ ላይ ስለሚቀመጡ ክሪፕቶ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዛመታል፣ እየበላች ጅራቷ እንጨት የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሱ ነው፣ ፈውሱም አስቸጋሪ ነው። የትም ግዙ ግን ስትበላ ሳታዩ አትክፈሉ፣ ጅራቷ ሞላ ያለ፣ ዓይኗ የጠራ፣ ሃያውም ጣቷ ሙሉ ይሁን።

ቀለም ስትመርጡ ሁለት ስም አስታውሱ። ኢኒግማ የሚባለው የሌፓርድ ዘር ጭንቅላቷ ይዞራል፣ ሚዛን ታጣለች፣ ከዘሩ ጋር የሚመጣ ነው። ሌመን ፍሮስት የሚባለው ቢጫው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የዘረመል ጥናት እንደታየው ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቆዳ ዕጢ ያወጣሉ። ያምራል፣ ግን አትግዙ፣ ገዢ ካጣ ማራባቱም ይቆማል።

ቤት ሌላ ጌኮ ካለ አዲሷን ቢያንስ ለሁለት ሦስት ወር በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዕቃ ያዙ፣ ሰገራዋንም አስመርምሩ።

ስለ ልጆቹ ደግሞ

ጌኮ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ (ሰው ላይ ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ) ልትይዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ከክሬስትድ ጌኮ ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ መርምሮ ነበር። ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ከ65 በላይ አያት ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ቤት ካለ ጥንቃቄው ይብዛ፣ ሲዲሲም ለነሱ ተሳቢ እንስሳ አይመክርም። እማማ ከአገር ቤት መጥተው ከእናንተ ጋር ከሆኑ ይሄን አስቡበት። ሳህኗ ኩሽና ሲንክ ውስጥ አይታጠብ፣ ከነካካችኋት በኋላ እጅ በሳሙና፣ ፊት ላይ ማስጠጋት የለም።

ሐኪምን በተመለከተ ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጌኮ አያክምም። ሳትገዙ በፊት ኤግዞቲክ የሚሏቸውን፣ እንደ ጌኮ ያሉ ያልተለመዱ የቤት እንስሳት፣ የሚያክም በአቅራቢያችሁ እንዳለ እዩ፣ የተሳቢና የእንቁራሪት ዓይነት እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር፣ ኤአርኤቪ የሚሉት፣ ዌብሳይቱ ላይ መፈለጊያ አለው። ጌኮዋን በሳምንት አንዴ በግራም ሚዛን መዝኑና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ፣ ትንሽ ልጅ ሆና ክብደቷ መጨመር አለበት፣ ሁለት ሳምንት ተከታታይ ከቀነሰ ደውሉ። ስትሄዱ ያንን የክብደት ወረቀት፣ የታንኩን ፎቶ፣ የሙቀቱን ቁጥር፣ የምትሰጧትን ዱቄት ጣሳ ከነጽሑፉ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የዛኑ ቀን ሰገራ ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገድ ላይ እንዳይበርዳት በትንሽ ሳጥን በጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ክረምት ከሆነ መኪናውን ቀድማችሁ አሙቁት።